አየር ይዞት ነው

ሰሃም ላይ፣ ከባሕሩ ዳር፣ የጉድጓዱ ውሃ ጨው ሆኖ፣
ሎሚው በቁሙ ደርቆ፣ ቴምሩም ግማሹ መክኖ፣
አንድ ቀይ ማሲ ፈርጉሰን አለ፣ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ።
ቀይ ነበር ማለቴ ነው። አሁን መልኩ የቴምር ፍሬ፣
ሦስቱ ዲስክ ከኋላው ተጋድሟል፣ እንደ ጠገበ አውሬ።
ዶሮ ነው የሚያድርበት። እንቁላሉን ስለቅም ጎንበስ ብዬ፣
ሰው አለመኖሩን አይቼ፣
ፍሪሲዮኑን እረግጣለሁ፣ በነጠላ ጫማዬ።

ሽማግሌው ዛህራን አንዳንድ ማታ፣ ወንበር አስወጥተው ያወሩለታል፤
ሁለት ጀልባ ታስሮ፣ በሳንቃ ላይ ቆሞ ሲመጣ፣ «እንደ ሙሽራ» ይሉታል።
ለጎረቤት ሁሉ አርሷል አሉ፤ ኪራዩ አንድ ጆንያ ደረቅ ሎሚ።
እኔ ከበሩ ሥር እሰማለሁ፣ ያልተጠራሁ ታዳሚ።

አባ፣ አንተ ብታየው ትስቅ ነበር። አንተ የዲክሲስ እርሻ ሾፌር፣
የመንግሥት ስንዴ፣ የመንግሥት ናፍጣ፣ የመንግሥት ጎማ፣ የመንግሥት አፈር፤
ማሲው ግን ያንተ ነበር፣
ሲያስለው ከሩቅ ሰምተህ፣ ራትህን ትተህ የምትበር።
እኔ ፋኖስ ያዥህ፤ ካቻቢቴ ስትል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ስትል ፒንሳ፣
ከፊደል በፊት የተማርኩት፣ ቡሎን እንዴት እንደሚነሣ።
እናቴ ትቆጣለች፦ «ለሴት ልጅ ግሪስ? ማን ሊያገባት?»
«ባል ከመጣ» ትላለህ አንተ፣ «ጋራዥ በነጻ አገኘ ማለት!»
እርሻው ሲበተን፣ ማሲው ተጎትቶ ሄዶ በኪሎ ሲመዘን፣
ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል እንኳ ያልተናገርከን።

ትናንት ታዲያ የዚህ አገር ቆራሌ መጣ፣ ክሬን ባለው መኪና፣
ልጅየው ሐሪብ ነው የጠራው፤
ዛህራን ከቤት ወጡ፣ ጫማ እንኳ ሳያጠልቁ ገና።
«ከተነሣ ይቀራል» አሉ፣ «ካልተነሣ ውሰዱት፣ በቃ።»
ሠፈሩ መጣ፣ ግማሹ ለምስክር፣ ግማሹ ለጠበቃ።
ሞቶሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልያዘም። ከማርሚታው ጭስ እንኳ የለ፤
ስልኩ ላይ ያነበበ አንዱ «ፓምፑ ሞቷል» አለ፤
ቆራሌው ሰንሰለቱን መዘርጋት ቀጠለ።

እኔ ትሪ ይዣለሁ፣ የሻይ ብርጭቆ አሥራ አንድ፤
ትሪው ጀመረኝ መንገድገድ።
«አየር ይዞት ነው» አልኩ። ባማርኛ። ከአፌ አመለጠኝ።
«ምን አለች?» አሉ፤ ሁሉም አፈጠጠብኝ።
ዓረብኛዬ የኩሽና ነው፤ ሽንኩርት፣ ውሃ፣ ልጅ፣ በረንዳ፤
«ሀዋ» አልኳቸው፣ «ሀዋ፣ ውስጡ»፣ ትሪውን አስረክቤ ለቆመ እንግዳ።

ግማሽ ኢንች ቁልፍ። የፊልትሮውን ቡሎን ሁለት ዙር፣ ሦስት እንዳይሆን፤
ፓምፑን በአውራ ጣት ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ፣
እንደዚያ ሌሊት፣ እንደ ሁለታችን።
አረፋ ወጣ። ነጭ። ተፋ፣ ተፋ፣ እንደ ሕፃን ወተት፤
ቀጥሎ ጠራ፣ እስከ ክርኔ ወረደ፣
የናፍጣ ሽታ፣ ያንተ ሸሚዝ፣ ያንተ አንገት።

«ያላ» አልኩ። ዛህራን ራሳቸው ወጡ፣ ደግፎ ሁለት ሰው፤
አንድ ዙር። ሁለት። ከዚያ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣
ዶሮው ሁሉ ላባውን አፈሰሰው!

ማረሻውን አወረዱ። ዘር የለም፣ ውሃ የለም፣ ጨው ነው መሬቱ።
አረሱ ግን። አንድ ትልም፣ እስከ አጥሩ፤
ሐሪብ ከኋላ ይከተላል፣ ስልኩን ረስቶ፣ እንደ ሕፃንነቱ።
የተገለበጠው አፈር ነጭ ነው፣ ውርጭ መሰለኝ፤
ከሥሩ ግን ጥቂት ቡኒ፣ ጥቂት እርጥብ።
ዛህራን ወርደው ዘገኑት፣ አሸተቱት፣ ምንም አላሉኝ።

ቆራሌው ሻዩን ጠጥቶ ባዶውን ሄደ። ይመለሳል፣ ያውቃል፤
ብረት ከጨው ጋር ተጎራብቶ ስንት ዓመት ይቆያል?
ማታ እጄን በኦሞ ታጠብኩ፣ አንዴ ብቻ፣ ጥፍሬ ሥር ትንሽ እንዲቀር።
ጠዋት ቅርጫቴን ይዤ ሄድኩ፤ ከወንበሩ ሥር ዳበስኩ፣ ምንም ነገር።
ዶሮዎቹ ተቀይመው፣
አጥሩ ላይ ነው ያደሩት፣ በወዲያኛው ዳር።