ሳሙና በር

ተወልጄ ያደግሁት ሳሙና በር፣ ጎንደር፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስም ብቻ ነበር።
ልጄ በእምነት መጣችና በጥር፣
ሰፈሬን ዳግመኛ ተማርሁት ከባልዲ ሥር።

ማስተዋል ነርስ ናት፤ ሌሊት ነው ተራዋ፣
ጠዋት ስትመለስ እንቅልፍ ይጥላታል ሳይፈታ ጫማዋ።
እኔ የምነዳው ባጃጅ የራሴ ያልሆነ፣
ገቢውን አስረክቤ የተረፈኝ ሁሉ ዳይፐር ላይ ባከነ።

"ጨመረ" አለ ባለሱቁ፣ ዓይኔን ሳያይ፤
ትናንትም እንዲሁ ብሎኛል፤ ይህ ሰው ሌላ ቃል አያውቅም ወይ?
ፓኬቱን መልሼ ባዶ እጄን ወጣሁ፤
ልብስ ሰፊው ጋሽ ገብያው ዘንድ፣ አራዳ ወረድሁ።

የሰርጋችን አንሶላ ነበረኝ፣ መሀሉ የሳሳ፤
ስለ ልጄ ነገርሁት። ምንም አላለም። መቀሱን አነሳ።
"ከዚሁ ላይ መጣች፤ ለእሷው ይመለስ" አለኝ ሲጨርስ፤
እኔ እንደ ልጃገረድ አፈርሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ ስመለስ።

ስድስት ጨርቅ ወጣው። በስድስት ጀመርን።
"ሃያ ካልሆነ አይሆንም" ያሉንን አልሰማን።

አስተጣጠፉን ያሳየችኝ እትዬ ዝናቧ ናት፤ ሰባት አሳድጋለች፤
"ሦስት ማዕዘን አርገህ፣ የወፈረውን ወደ ታች፤
መርፌ ቁልፉ ሥር ጣትህን አስገባ፤
አንተ ተወጋ እንጂ እሷማ እንዳትነካ። አየህ? አልነቃች።"

በመጀመሪያው ሌሊት ጨርቁ አልያዘም፤
ደረቴም፣ ጋቢውም፣ ፍራሹም ረጠበ፤ እሷ ሳቀችብኝ እንጂ አታዝንም።
በሁለተኛው አጠበቅሁት፤ ጭኗ ላይ ሰንበር አወጣ፤
በሦስተኛው አላላሁትና ሁሉም በጎን ወጣ።
በአራተኛው ሁለት ጨርቅ ደረብሁ፤
እስኪነጋ ደረቅ! ማስተዋል ዘንድ፣ ሆስፒታል ደወልሁ።
"ምን ሆነች?" ብላ ጮኸች።
"ምንም። ደረቅ ናት" አልሁ።

ግን ውሃ! የኛ ቧንቧ የሩቅ ዘመድ ነገር፣
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ያውም ሌሊት መጥቶ፣ ሳያድር የሚሰወር።
ዘጠኝ ቀን ደረቀ። ንጹሑ አልቆ ቆሻሻው ሲከመር፣
(አዘዞ እህቴ ቤት የጉድጓድ ውሃ አለ) በፌስታል ቋጥሬ ከኋላ ወንበር
አስቀምጬ ነዳሁ።

ኬላ ላይ አቁመው ፈተሹኝ። "ምንድን ነው የቋጠርኸው?"
"የልጄ ነው" አልሁት። አላመነኝም። ፈታው።
ሽታው ቀድሞት ወጣ፤ ሰልፉ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤
እሱ ግን አልሸሸም፤ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ፈዘዘ።
ወጣት ነበር፣ ጺሙ ያልጠና፤
መሣሪያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና
"የኔም..." አለ ቀስ ብሎ፣ "ስምንት ወሩ። አላየሁትም ገና።"
መልሶ ቋጠረው፤ ከኔ ይልቅ አሳምሮ አጠበቀ፤
"እለፍ" አለኝ። ኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀ።

ክረምት ገባ። ግቢው ውስጥ የሚደርቅ ነገር ጠፋ፤
ባጃጄ ጣራ ሥር ገመድ ወጠርሁ፣ ጨርቁ ከንፋስ ጋር እንዲጋፋ።
ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ይገባል። አንዷ ተማሪ "መጋረጃ ነው?" አለችኝ፤
"አይ፣ ዳይፐር" ስላት፣ እስከ ማራኪ ሳቋ አልለቀቀኝ።

ዛሬ እሑድ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቧንቧው ሲያስነጥስ ሰማሁ፤
ማስተዋልም እቤት ናት፤ እሷ ታሻለች፣ በእምነትን አዝዬ እኔ አለቀልቃለሁ።
አሥራ አራት ደርሰናል አሁን።
አንዷን ጨርቅ ወደ አምፖሉ ዘረጋች፤
የአንሶላው መሀል ናት፣ የሳሳው፤ ጣቶቿ በማዶ ታዩኝ። "ይቺስ በቃች፤
እንጣላት?"

ልመልስላት ስል ጀርባዬን ሞቅ አለኝ፤
ቀስ እያለ ወደ ወገቤ ወረደ።
"ስጪኝ" አልኋት፤ "አሁኑኑ ስጪኝ።"