ቡኒ ቀለም

ሳልሚያ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ባሕር፤
ማዳም ሠርግ ሄዳለች፣ ኤሲው ብቻውን ሲያጉረመርም ሊያድር።
ነዋፍ ትኩሳት ይዞት፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎት፣
«አንብቢልኝ» አለኝ፣ የጀግኖቹን መጽሐፍ ደረቴ ላይ ጥሎት።

ፊደሉንስ አውቃለሁ፣ ሐርቡ መድረሳ፣ በእንጨት ሉህ ቆጥሬ፤
ትርጉሙን ነው ኋላ፣ ከድስት ከመጥረጊያ፣
አራት ዓመት ሙሉ የለቀምኩት ዞሬ።

አንዱ መብረቅ ይወረውራል፣ አባቱ ሰማይ ነው።
አንዷ ፀጉሯ እባብ ነው፣ ያያትን ሁሉ ድንጋይ ታደርጋለች
(እንዲህ ያለች ማዳም እኔም ነበረችኝ፣ ጀህራ፣ ሦስት ወር)።
አንዱ ጫማው ክንፍ አለው።
ሁሉም ሆዳቸው እንደ አምባሻ የተከፋፈለ፣
ሁሉም ካባቸውን ነፋስ በሌለበት ነፋስ የሚያርገበግበው።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ጣቴ ቀጥ አለ።
ዐለት። ሰንሰለት። ከታች አፉን የከፈተ የባሕር አውሬ።
ከአናቷ በላይ ጽሑፍ፦ «የሐበሻ ንጉሥ ልጅ»።
ደግሜ አነበብኩት፣ እንደ መድረሳው፣ በጣቴ።
ሐ። በ። ሻ።

«ያንቺ አገር ልጅ ናት?» አለ ነዋፍ፣ ቀና ብሎ።
«ይመስለኛል።»
«ታዲያ ፀጉሯ ለምን ቢጫ ሆነ?»
ምን ልበል?
«ሠዓሊው ቡኒ ቀለም አልቆበት ይሆናል።»
ዘሎ ወረደና የቀለም ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ሰማሁት።

እሱ እስኪመለስ ወደፊት አነበብኩ፦ ማን አሰራት? ለምን?
እናቷ ናት አሉ፤
«የኔ ልጅ ከባሕር ልጆች ታምራለች» ብላ አደባባይ አወራች፤
ባሕሩ ሰማና ተቆጣ፣ ካሣው ልጅቷ ሆነች።

እናቴ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ፣
«ልጄ ኩዌት ናት» ስትል ድምፅዋ የሚደምቅ፣
አዲሱ ጣሪያችን ለፀሐይ ሲያብረቀርቅ፤
ጎረቤቷ ሰማች፣ የራሷን ልጅ አየች ሽቅብ ቁልቁል ለክታ፤
ዓመት ሳይሞላ ሰዓዳም መጣች፣ እዚሁ ማዶ ፎቅ ገብታ።
ሐሙስ ሐሙስ ከኩሽናው መስኮት እጇን ታወዛውዝልኛለች።
ሁለት ሐሙስ አለፈ። መጋረጃው አልተከፈተም።

ባለ ክንፍ ጫማው መጣ፣ ገጽ ሠላሳ አራት።
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ግን ወዲያው አልፈታትም፤ መጀመሪያ አባቷ ዘንድ ወረደ፦
«ባድናት ትሰጠኛለህ?»
«እሰጥሃለሁ።»
አውሬው እየቀረበ፣ ማዕበሉ ጉልበቷን እየመታ፣
ሁለት ወንዶች ቆመው ዋጋ ይነጋገራሉ።
ኮንትራት ነው፣ አወቅሁት። የሷ ፊርማ የለበትም።
በኔ ላይ እንኳ አለ፣ አንብቤው ባልፈርምም።

ነዋፍ ቡኒውን አመጣ፣ አጭር፣ ጥርስ ያረፈበት።
ፊቷን ቀባ፣ ክንዷን ቀባ፣ መሥመር ስቶ ዐለቱንም ቀባው።
ፀጉሯን እኔ ሠራሁት፣ ሹሩባ፣ በጥቁር።
ሰንሰለቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።
«ቁልፉ የት ነው?»
«መጽሐፉ አላለም» አልኩት።
ፓስፖርቴ ያለበትን መሳቢያ ግን አውቀዋለሁ፤
ቁልፉ በማዳም ቦርሳ ሠርግ ሄዷል።

ላብ ወጣለት፣ በረደለት፣ ክንዴ ላይ ተኛ አፉን ከፍቶ።
ከልጅቷ አፍ የወጣው የንግግር ክብ ሰፊ ነው፤
ሠዓሊው አንድ ጩኸት ብቻ ጽፎ ትቶታል፣ ቀሪው ነጭ።
እርሳስ አነሣሁ።
ባለ ክንፉ ሊያነበው በማይችለው በኛ ፊደል፣
ትንሽ አድርጌ፣ ጥጉ ላይ፦

«እማ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ።
ሰባት ወር ቀርቶኛል።
ባሕሩ ይሰማል።»