ስፖኪዮ

ጋሽ አራጌ ሲፈታ ጀርባውን ይሰጣል፤
ትከሻው ይሰፋል፣
ኮምቦልቻ በሙሉ ከኋላው ይጠፋል።
«ሙያ በልብ» ይላል። ለካቻቢቴ ይልከኛል፣
ስመለስ ጨርሶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ይጠብቀኛል።
ሰባት ዓመት እንዲህ፣ ከጠዋት እስከ ማታ
ያነበብኩት ጀርባ ነው፤ የቱታውን ዘይት፣ የላቡን ካርታ።

አንድ ሌሊት ሙሄ ከባቲ ግርጌ ደወለ፤
«ሜዳ ላይ ደህና ናት፣ ዳገት ላይ ታስላለች፤ እንጃ ምን እንዳለ።»
«ስልኩን ለሞተሩ አስጠጋው» አልኩና
ጆሮዬን ሰጠሁት።
ሳሏን ሰማሁ። በሽታዋን አላወቅሁም ገና።

ሐይቅ ላይ ጦይባን ቀሰቀስኳት፤ ዕቃ ነው የምትሸጥ፣
ቡሎን በቁጥሩ፣ ቱቦ በጣቷ የምትመርጥ።
«እኔ ስሙን እንጂ ሕመሙን አላውቅም፤
ወልዲያ እንድሪስ አለ፣ በዚህ ሰዓት አይተኛም።»

እውነትም አልተኛም።
የዘበኛውን ስልክ ከኔው ስልክ ገጠምኩ፣ አፍ ላፍ፤
ሳሏ ከባቲ ግርጌ ወልዲያ ገባ፣ በመዳፌ ሲያልፍ።
«አየር እየሳበች ነው» አለ፤ «ቱቦዋ ላይ፣ ከታንኩ አፍ፣
ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ። ደረቅ ሳሙና ይለጥፍ፣
በጨርቅ ይሰር፤ ከዚያ ባቲን ይለፍ።»

ሙሄ አለፈ።

«ማን አሳየህ?» ብለው እንድሪስ ሳቀና
«አራጌ ነዋ!» አለኝ፤ «ጀርባውን ሲሰጠኝ
ስፖኪዮው ውስጥ ነበር፣ እጁ ከነሳሙና።»

ጠዋት ለጋሽ አራጌ ነገርኩት ሁሉንም።
ፒንሳውን አስቀመጠ፤ ቃል አልተነፈሰም።
በር ላይ ወደቆመችው አይሱዙ ሄደና
አቧራ የለበሰ ስፖኪዮዋን አየ፤
እጅጌውን ስቦ
ወለወለው።
ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ፣ እንደ ወትሮው።