ሚስ እንግዳ

ጥር ነው በኤድመንተን፣ ብርዱ አጥንት ገብቶ፣
የሱቄ መስኮት ላይ ውርጩ አበባ አውጥቶ፣
አንድ ልጅ ገባልኝ፣ ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ፣
ጃኬቱን በእጁ ይዞ፣ ዚፑ ተበጥሶ።
ሰፋሁለት። ሊከፍል ስልኩን አወጣና
ማሽኔን ነካ አረጋት፣ ደግሞ ነካ፣ እንደገና፤
እሷ ግን ዝም አለች፣ እንዳኮረፈች ሙሽራ፣
“አልተቻለም” ብላ ጻፈች በሦስተኛው ሙከራ።
“ሂድ በል፣ ነገ አምጣው፣ ብርድ ሒሳብ አያውቅ፤”
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ፦
ሰማያዊ ጃኬት። ዚፕ። ዐሥራ ስምንት ብር።

ለካ ሰው ገንዘቡን ስልኩ ውስጥ አስገብቷል፣
ኪስ የሚባል ነገር ለእጅ ማሞቂያ ቀርቷል፤
ኪስ ስሰፋ የምውል እኔ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣
ወሬው ለኔ የደረሰኝ፣ ከሰማ በኋላ ሁሉ።

የኔ ባንክ ትንሽ ናት፣ ከጥርስ ሐኪሙ ጎን፤
መስኮቷ ላይ አለች መነጽራሟ ዶሪን፣
ስሜን ትጠራለች፣ አንድ ፊደል ሳትስት፦
“ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጅሽስ፣ ትርሲት?”
ስለ ስልክ ክፍያ ስጠይቃት ግን አቀረቀረች፣
“ምናልባት ለከርሞ” አለች፣ ከረሜላ ጨመረች።
አምናም ለከርሞ ነበር። አምናም ከረሜላ።

ትልቁ ባንክ ደግሞ መስታወት ነው ከእግር እስከ ራሱ፤
ማሽኑ ትን ይላል አሉ፣ በስልክ ገና ሲዳስሱ።
ውስጡ ሰው ይኖር እንደሁ ልጠይቅ ብዬ ደወልኩ፤
“አንድን ይጫኑ” አለች፤ ተጫንኩ። “ሁለትን”፤ ተጫንኩ።
ሙዚቃ መጣ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣
ሁለት ሱሪ አሳጥሬ፣ የሚዜ ቀሚስ ጠልፌ፣
ክሬን በምላሴ አርሼ አራተኛ መርፌ ስሰካ፣
በአርባ ሰባተኛው ደቂቃ፦
“ሃሎ፣ ሚስ እንግዳ?”

ሳቅ አመለጠኝ። እንግዳ አባቴ ነው፤
ባንክ ደጅ ረግጦ የማያውቅ፣
ብሩን ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብሮ የኖረ ሰው፤
ዛሬ ለእሱ ነው “ስለጠበቁን እናመሰግናለን” የሚሉት።
በኛ ዘንድ እኮ፣ አልኩ በልቤ፣ ነውር ነው
እንግዳን ደጅ ላይ አርባ ሰባት ደቂቃ ማቆም።

ሬሚ ይባላል ልጁ፤ ያለው ሞንክተን ነው፣ እዚያ መሽቷል፤
ሲያዛጋ ይሰማኛል፣ ወንበሩም ሲጢጥ ይላል።
“ልምጣ ወይስ ልቅር?” አልኩት፣ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን ሁሉ።
ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
“ስልኩ ይሠራል፣ አልዋሽም። ችግር የገጠመዎት ቀን ግን
እንደ ዛሬው ይጠብቃሉ። እናቴ ገንዘቧን
ሌላ ባንክ ነው ያስቀመጠችው።”

አትምጪ ላለኝ ሰው ብዬ፣ መጣሁ።
ወረቀቱን ፈረምኩ፤ ማሽኔም ኩርፊያዋ ለቀቃት፤
ትን ትላለች አሁን፣ ስልክ ገና ሲያሸታት።

የካቲት ላይ የወሩ ክፍያ ሁለቴ ተቆርጦ አገኘሁ፤
ደወልኩ፣ ተጫንኩ፣ ጠበቅሁ፣ “ሬሚን” ብዬ ጠየቅሁ፤
“የትኛውን ሬሚ?” አለችኝ ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ሴት፤
ብሩ በስድስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ሬሚ ግን የለም በዚያ ቤት።
ዶሪን ጋ ሃምሳ ዶላር ተውኩ። የስሜ ኪራይ ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣ ያ ልጅ መጣ፣
ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ እጁን ከሱሪ ኪሱ ሳያወጣ።
“አሁን በስልክ እቀበላለሁ!” አልኩት፣ ማሽኔን እያሻሸሁ።
“ስልኬ ወድቆ ተሰበረ” አለና
ዘጠኝ ባለሁለት ዶላር ሳንቲም
አንድ በአንድ ደረደረ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመቀሱ ጎን።
ቆጠርኩ። ደብተሬን ገለጥኩ። ሰማያዊ ጃኬት፤ ሰረዝኩ።
ስሙን ዛሬም አልጠየቅሁትም።