ልስን

በቅዳሜ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣
ሳሙና በር ቆምን፣ ሃያ ሰው በሰልፍ፤
ቲሸርቱ አንድ ዓይነት፣ ቢጫ፣ ሰፊ፣ ረጅም፣
የእኔው ጉልበቴን አልፎ ሸሚዝም አይመስልም።
ባነር ዘረጋን፤ ፎቶ ተነሣን ገና ሳንጀምር፣
"ፈገግ በሉ" ተባልን፤ ፈገግ አልን፣ ጥርሳችን ከብርዱ ጋር ሲማከር።

ቤቱ ማየት የተሳናቸው አረጋውያን መጦሪያ ነው፣
ዘጠኝ አልጋ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ረጅም ኮሪደር ያለው፤
ጣራው ክረምት ያፈሳል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣
ግድግዳው እንደ ቀሃ ዳርቻ በበጋ ተሰነጣጥቋል።

ቢያድግልኝ ለሳኙ ከአዘዞ መጣ በባጃጅ፣
ካዞላና ፍራታሶ ይዞ፤ ከሃያችን እሱ ብቻ ባለ እጅ።
እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ብር እንጂ ሲሚንቶ አልቆጠርኩም፣
ሮለር እንዴት እንደሚያዝ እስከዚያ ቀን አላወቅኩም፤
ግማሹ ቀለም ለግድግዳ፣ ግማሹ ለፀጉሬ፣
"ሸበትሽ" ብለው ሳቁብኝ፤ ሳቅሁ እኔም አብሬ።
"በግንብ አገር ተወልዶ ልስን ማበላሸት ነውር ነው" አለ ቢያድግልኝ፣
ያጣመምኩትን ሁሉ እየደገመ አስተማረኝ።

ስንጥቁን ሁሉ በጀሶ ደፈንን፣
የተፈረፈረውን ፍቀን አራገፍን፣
ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ለሰንን፣ ለሰንን፣
እጅ ሲነካው እንቁላል እስኪመስል አለዘብን።
ዘመናይ፣ የቤቱ ኃላፊ፣ አለቀሰች በደስታ፣
"ይሄ ነው ወይ ያ ቤት?" ብላ ቆመች ለአፍታ።

አረጋውያኑ ውጭ ነበሩ፣ ከዋንዛው ሥር፣ በሰሌን ላይ፤
ማንም አልጠየቃቸውም በቤታቸው ጉዳይ።

ማታ ላይ ነው ነገሩ።
አያ አጣናው፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣
ወደ ውስጥ ገቡ እንደ ልማዳቸው፤
በትር አይዙም፤ በቤት ውስጥ በትር ነውር ይመስላቸዋል፣
ግራ እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሰ ይቀድማቸዋል።
ሦስት እርምጃ ሄዱ። ቆሙ።
ጣታቸው ወጣ፣ ወረደ፣ ዳሰሰ፣
ያስቀመጠውን እንዳጣ ሰው ዞሮ ተመለሰ።

"ልጆች፣" አሉ፣ "የት ነው ያለሁት?"
ቀለም ከሮለሬ ጠብ ሲል ሰማሁት።
"እዚህ ጋ ስንጥቅ ነበረ፣ እንደ ቀንድ የተቆለመመ፤
እሱ ሲያልቅ ነው የእኔ በር፣ ሌሊት እጄ እዚያ የቆመ።
ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ነበር፣ አውራ ጣት የሚያስገባ፣
ሻካራው ሲጀምር ወጥ ቤት ነው፤ ሽታው ሳይጠራኝ የምገባ።
አሥራ አንድ ዓመት ነው ያነበብኩት፤ ማን ገጹን አጠበው?"
ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ ግርምት ነው የነበረው።

ዘመናይ አፏን ያዘች። እኔ መሬት መሬት አየሁ፣
ማማሩን ልነግራቸው ብዬ፣ ለማን እንዳማረ ሳስብ አፈርሁ።

ቢያድግልኝ ከኪሱ ሚስማር አወጣና፣
"ልስኑ እርጥብ ነው" አለ፣ "አልደረቀም ገና።
አያ፣ ጣትዎን ያውሱኝ፤ ይንገሩኝ፣ የቱ ጋ ነበር?"
ሌባ ጣታቸውን ይዞ ጀመረ ከመኝታቸው በር።
"ዝቅ" ሲሉ ዝቅ፣ "ጠምዘዝ" ሲሉ ጠምዘዝ፣
ቀኑን ሙሉ የደከመበትን ሲተለትለው፣ እኛ ተሽቀዳደምን
የስልካችንን መብራት ለመያዝ።
(መብራቱ ለእኛ ነው እንጂ፣ ለእሳቸውስ ምን ሊፈይድ?)

ሌሎቹም ተሰለፉ፤ ወይዘሮ ይመናሹ አበባ አዘዙ፣ አምስት ቅጠል፣
"አንዱ ይጠር፤ አለዚያ ከጎረቤቴ ይምታታል።"

ፎቶው በስልኬ ደረሰኝ፤ ሃያ ቢጫ ሸሚዝ፣ ሃያ ንጹሕ እጅ።
ያ መስመር የለበትም። ጧት ነዋ የተነሣነው።

ቤቴ ስገባ መብራት ጠፍቷል በሰፈር፣
ስልኬም ሞተ፤ በዳበሳ ስፈልግ የመኝታ በር
ጉልበቴን ከወንበር አጋጨሁ፤
ስምንት ዓመት ኪራይ የከፈልኩበትን ግድግዳ
እጄ አያውቀውም ነበር።