ቀስ በል

ከካራ ባልታ ወዲህ አልተነጋገሩም።
እሱ መሪውን ይዞ፣ እሷ መስኮቱን ይዛ፣ ዘወር ብለው አይተያዩም።
«ለአባትሽ ንገሪው፣ ነዳጁ ሊያልቅ ነው» ትለኛለች እናቴ፤
«ለእናትሽ ንገሪያት፣ አይቼዋለሁ» ይለኛል አባቴ።
እኔ የአሥራ አንድ ዓመት፣ የሁለት አገር መልእክተኛ፣
ካንዱ ጆሮ ወደ አንዱ፣ የአንድ ክንድ መንገደኛ።

ኤልዲያር፣ ወንድሜ፣ ሐብሐብ አቅፎ ተኝቷል፤
መኪናዋ ስትታጠፍ እሱም ሐብሐቡም ይንከባለላል።
ታላስ ለሚደገሰው፣ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ፣
የበግ ጠጉር ምንጣፍ ጣራው ላይ ታስሯል፤
ገመዱ በላላ ቁጥር አባቴ ወርዶ፣
አጥብቆ፣ ተሳድቦ፣ ይመለሳል።

ሁሉ የተጀመረው በአንዲት ወረቀት ነው፤
ሸሚዙን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሸው፣
የአውሮፕላን ቲኬት፣ ወደ ኖቮሲቢርስክ፣ መሄጃ ብቻ፤
ቀኑም ሩቅ አልነበር፣ ሐሙስ፣ የወር መባቻ።

መንገዱ ሽቅብ ነው። አሮጌዋ አውዲ አቃሰተች፣
ጭስ ተፋች፣ ቆመች።
ሞተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።
ከጉድጓዱ ብቅ አለ አንድ የተራራ ፍልፈል፣
ሆዱ እንደ ሹም የተነፋ፣ ቆሞ የሚያስተውል፤
እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ እንደ ሰፈር ዳኛ፣
አባቴን አየ፣ እናቴን አየ፣ አፏጨና ለኛ፣
ተመልሶ ገባ።
ፍርዱ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ፤
አባቴ ሳቁ መጣና፣ እሷን አይቶ ደበቀ።

ከዚያ የቶ አሹ ዋሻ። «የግመል ማለፊያ» ይሉታል፤
ውስጡ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ከጣራው ውኃ ይንጠባጠባል።
እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ የሚያያት የሌለ መስሏት፣
እናቴ እጇን ወደ ማርሹ ዘረጋች፤
ምን እንደመለሳት
አላወቅሁም።

በወዲያኛው አፉ ስንወጣ ዓለም የለም።
ጉም ነው፤ መንገድ የለም፣ ሰማይ የለም፣ ጠርዝ የለም።
አባቴ ግን ነዳ፤ የተቆጣ እግር ፍሬን አያውቅም።
«ቀስ በል» አለች።
ለኔ አይደለም። «ለአባትሽ ንገሪው» አላለችም።
«ሜደር፣ ቀስ በል» አለች፣ በስሙ ጠርታ።

ፍሬን ረገጠ፤ ጎማ ጮኸ፤ ሐብሐቡ ፈነዳ፤
ከባውዛው ባንድ ክንድ፣ ዳማ ባዝራ ቆማለች፣
ሆዷ ሥር ውርንጫዋ፣ እግሩ ገና ያልጠና፣ ለመንገዱ እንግዳ።
ከኋላዋ ሌሎች። ጉሙ ፈረስ ይወልዳል፤
መጋላ ይወጣል፣ ጉራች ይወጣል፣
አምባላዩ ከጉሙ አልተለየም፣ ዓይኑ ብቻ ይመጣል።
ከበቡን። ትንፋሻቸው መስታወቱን አለበሰው፤
አንዱ ቦራ አንገቱን አስግጎ፣
የሠርጉን ምንጣፍ ቀመሰው።
ውርንጫው በእናቴ መስኮት አፍንጫውን አስገባ፤
ከእጇ ሐብሐብ ሲልስ፣ ጉንጯን ያራሰው ነገር
ጭማቂ ይሁን እንባ፣
አልለየሁም።

አንዲት ሴት በፈረስ መጣች፣
ስልኳን በጆሮዋና በሻሿ መሐል ሰክታ፤
«ቆይኝ፣ ሰዎች አሉ፣ ባዝራዋ አላሳልፍም ብላ ነው» አለች፣
ለኛ ሳይሆን ለስልኩ፤ አንዴ በጅራፍ አየሩን መታ፣
አለፈች፣ ሳትሰናበተን።

ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ዝም ሲል ሁሉ ይሰማል።
«ለምን አልነገርከኝም?»
«ብነግርሽ አልሄድማ።»
ይህን ብቻ ነው፤ እስከ ታላስ ሌላ አልተነጋገሩም፤
ብቻ ማርሹ ላይ ሁለት እጅ ነበር። እኔም መልእክት አላደረስኩም።

ሐሙስ ሄደ። ፈረሶቹ አላስቀሩትም።
አራት ዓመት በስልክ፣ እናቴ ደህና ሁን ብላው አታውቅም፤
«ቀስ በል» ትለዋለች፣ ስልኩን ትዘጋለች።
እዚያ በሃያኛው ፎቅ፣ በውርጭ፣ ጡብ ተሸክሞ፣
ቀስ ይል እንደሆነ እንጃ።

ምንጣፉ ዛሬም አለ፣ ታላስ፣ አጎቴ ልጅ ቤት፤
አንዱ ጥግ ተበልቷል፣ የጥርስ ምልክት አለበት።
እንግዳ ሲጠይቃቸው «አይጥ ነው» ይላሉ።
እኔ ዝም እላለሁ።