አስራ ዘጠኝ ቁልፍ

ከሃልድዋኒ ገበያ እስከ ኩማኦን ተራራ ጫፍ
ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ፣ በየጥምዝምዙ ሳልፍ።
ቁልቁል ስወርድ ወንበር ሞልቶ፣ መተላለፊያው ሻንጣ ብቻ፤
ሽቅብ ጋዝና ሲሚንቶ፣ የሽማግሌ መድኃኒት፣ የሽንኩርት ስልቻ።
መንገዱ የተቆረጠ ለታ ጨፍረናል፣ ሀብት ሽቅብ ይመጣል ብለን፤
አንድ መንገድ ሁለት ጫፍ እንዳለው ማን ነግሮን?

ዲግሪ የያዘውን ልጅ ገና ሲሳፈር አውቀዋለሁ፤
ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ይዞ፣
ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ እንደ ሙሽራ ተክዞ።
«ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ፑሽከር «ጦጣ ነው» አለኝ። ሳቅሁ።
እሱ አልሳቀም። ዞሬ አየሁ።
«አባቴ የዘራውን ዳጉሳ ግማሹን ጦጣ በላው፣
ግማሹን ሌሊት ከርከሮ፤ የቀረውን ማን ይብላው?
የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ ደምሬ ቀንሼ አየሁት፤
ከዜሮ በታች ሲሆንብኝ፣ ሻንጣዬን አስሬ ተውኩት።»

ባቢታ ደግሞ፦
«እህቴን በምጧ ሌሊት በወንበር አስረን ተሸከምናት፤
ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ ሲነጋጋ፣ አጣናት።
ከዚያ ወዲያ፣ አጎቴ፣ ተራራው ውብ ነው አትበለኝ፤
ውበቱን ለጎብኚ ንገር፤ ለኔ ቲኬቴን ቁረጥልኝ።»

አንዱ ደግሞ አፍሮ ሹክ አለኝ፦ «ሚስት የሚሰጠኝ የለም፤
ከተማ ውስጥ ክፍል ከሌለህ፣ አማች ስምህን አይጠይቅም።»

ታዲያ እናቶቹም ሲያረጁ፣ ልጅ መጥቶ ሲወስዳቸው፣
ቤት ቆልፈው ይሳፈራሉ፤ ቁልፉ ይከብዳል በእጃቸው።
«ለጎረቤት ስጥልኝ» ይሉኛል፤
ጎረቤትየው ራሱ ባለፈው ወር ቁልፉን ለኔው ሰጥቶኛል።
እምቢ አልልም። ከመሪው ስር በሽቦ አስሬ ሰቀልኩት፤
በየመታጠፊያው ሲንቃጨል፣ አስራ ዘጠኝ ብዬ ቆጠርኩት።

አምና ዝናቡ እንዳባራ ሄማ ተሳፈረች። ሽቅብ።
ሽቅብ የሚሄድ ተመራቂ! ማርሽ ረስቼ፣ በመስታወት ሳይ፣ ስታዘብ፣
«ቁልፋችንን» አለችኝ፣ እጇን ዘርግታ።
ሦስት ዓመት የተንጠለጠለውን ከሽቦው ላይ ሳወርደው፣
አውቶቡሷ መሰለኝ የቀለላት፣ ላንድ አፍታ።

«ምነው? ያገር ፍቅር ነው? ወይስ የአባት አደራ?» አልኳት።
ሳቋ ነው የቀደማት።
«የቤት ኪራይ ነው፣ አጎቴ።
ስለ አፈር ተማርኩ አምስት ዓመት፤ ዴልሂ ስልክ አንሺ ሆንኩኝ፤
‹እባክዎ ይጠብቁ› እያልኩ፣ ራሴን ስጠብቅ ቆየሁኝ።
አራት ሆነን ባንድ ክፍል፣ መስኮታችን ግንብ የሚያይ፤
አንድ ቀን ሰማይ አማረኝ፣ እንደ እርጉዝ፤ ዝም ብሎ ሰማይ።»

ግቢውን ሳማ ውጦታል፤ የበሩ ጓጉንቸር ዝጎ፣
ቁልፉ ገባ እንጂ አልዞር አለ፣ እንዳኮረፈ አማት ጀርባውን ለኛ አድርጎ።
በድንጋይ ሰበረችው።
የአባቷን ጃንጥላ፣ ከበሩ ኋላ፣ እንደተሰቀለ አገኘችው።

ማታ ከጣሪያው ጭስ ወጣ። ጃሱሊ፣ ከማዶ ብቻዋን የቀረች፣
ቤት የሚቃጠል መስሏት፣ ባልዲ ውሃ ተሸክማ መጣች።

ትቆይ ይሆን? አላውቅም። የዘራችውን ዳጉሳ ጦጣ ጨረሰው፤
ዘንድሮ እርድ ተክላለች፤ መራራ ነው፣ ጦጣም አይቀምሰው።
ባለፈው ሳምንት ቁልቁል፣ ለሥራ ፈተና ወሰድኳት፤
በማግስቱ ሽቅብ መለስኳት። ስለ ውጤቱ አልጠየቅኳት።

የማይዞረውን ቁልፍ መልሳ ሰጠችኝ። ሰቀልኩት። አሁንም አስራ ዘጠኝ።
ካስራ ዘጠኙ አንዱ፣ በቀይ ክር የታሰረው፣ የኔ ነው። ማንም አልጠየቀኝ።
ልጄን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሒሳብ እንኳ አልተቀበልኩት፤
«ለምን?» ያላልኩት እሱን ብቻ ነው። ፈርቼ ተውኩት።

ከመንደራችን መታጠፊያ ስደርስ፣ ማንም ባይኖር፣ ጥሩምባ እነፋለሁ፤
«ሕጉ ነው፤ ከወዲያ መኪና ቢመጣስ?» እላለሁ።